የጋራ ሥራ ወይስ የጋራ ባለቤት? በቴክኖሎጂ ኢቲኤፎች ውስጥ የተቋማዊ ይዞታና የተዛምዶ ግብይት

እ.ኤ.አ. ጁን 21 ቀን 2024 ዓርብ የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ሲዘጋ፣ ኤክስኤልኬ በሚል የገበያ ስያሜ የሚታወቀውና ወደ 70 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ሀብት የያዘው የቴክኖሎጂ ፈንድ ያልተለመደ የድርሻ ማስተካከያ አደረገ። በፈንዱ ውስጥ 6 በመቶ አካባቢ የነበረው የኤንቪዲያ ድርሻ ከ20 በመቶ በላይ ሆነ፤ ከ20 በመቶ በላይ የነበረው የአፕል ድርሻ ደግሞ ወደ 4.5 በመቶ ወረደ። ከ10 ቢሊዮን ዶላር በላይ የሚገመት የአንዱ አክሲዮን ተገዛ፤ ተቀራራቢ መጠን ያለው የሌላው አክሲዮን ተሸጠ።

ለዚህ ሁሉ ግብይት መነሻ የሆነው የሁለቱ ኩባንያዎች የሥራ ውጤት ሳይሆን የሕግ ስሌት ነበር። በአሜሪካ የግብር ሕግ መሠረት አንድ ፈንድ የተለየ የግብር አያያዝ እንዲያገኝ፣ በየሩብ ዓመቱ መጨረሻ በአንድ ኩባንያ ያለው ይዞታ ከ25 በመቶ፣ እያንዳንዳቸው ከ5 በመቶ በላይ የሚይዙ ኩባንያዎች ድምር ደግሞ ከ50 በመቶ እንዳይበልጥ ይጠበቃል። ፈንዱ የሚከተለው የኤስ ኤንድ ፒ ኢንዴክስ ይህን ገደብ ለማክበር የራሱን ጠበቅ ያለ ስሌት ይጠቀም ነበር። ማይክሮሶፍት፣ አፕልና ኤንቪዲያ እያንዳንዳቸው በ3 ትሪሊዮን ዶላር ዙሪያ ሲያንዣብቡ ሦስቱም ሙሉ ድርሻቸውን ይዘው መቆየት አልቻሉም። በመለኪያው ቀን በጥቂቱ ዝቅ ብሎ ሦስተኛ የተገኘው ኩባንያ ድርሻው ተቆረጠ። ቀደም ሲል ዕጣው የኤንቪዲያ ነበር፤ በጁን 2024 የአፕል ሆነ። የስሌቱ ዘዴ በዚያው ዓመት እንዲሻሻል ተደርጓል።

ክስተቱ ለፋይናንስ ምርምር አንድ መሠረታዊ ጥያቄ ያስነሣል። የአንድ ዘርፍ አክሲዮኖች አብረው ሲወጡና ሲወርዱ፣ የሚያስተሳስራቸው የጋራ ሥራቸው ነው ወይስ የጋራ ባለቤታቸው? ሁለቱ ትስስሮች በዋጋ ሰንጠረዥ ላይ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ፤ ጠባያቸው ግን የተለያየ ነው። ይህ ጽሑፍ ልዩነታቸው የት ላይ እንደሚገለጥ፣ የተቋማዊ ይዞታ መረጃ ምን ያህሉን እንደሚያሳይ፣ ተዛምዶን የሚሸጡና የሚገዙ ወገኖችም ለምን ልዩነቱን ችላ ማለት እንደማይችሉ ያብራራል።

የፈንዱ አሠራርና ትስስሩ የሚተላለፍበት መንገድ

በተለምዶ ኢቲኤፍ የሚባሉት ፈንዶች እንደ አንድ አክሲዮን በገበያ ቀኑን ሙሉ የሚሸጡና የሚገዙ ናቸው። በአሜሪካ የመጀመሪያው የኤስ ኤንድ ፒ 500 ኢቲኤፍ በ1993፣ ኤክስኤልኬ በ1998፣ የናስዳክ-100 ኢንዴክስን የሚከተለው ኪውኪውኪው ደግሞ በ1999 ሥራ ጀመሩ። ከተራው የጋራ ፈንድ የሚለያቸው ዋና ነገር አዲስ ድርሻ የሚፈጠርበትና የሚሰረዝበት መንገድ ነው። ከፈንዱ ጋር ውል ያላቸው ትልልቅ አገበያዮች በኢንዴክሱ ውስጥ ያሉትን አክሲዮኖች በየድርሻቸው ሰብስበው ለፈንዱ ያስረክባሉ፤ በምላሹም ብዙውን ጊዜ በ50,000 ወይም በተቀራራቢ ብዛት የታሰረ የፈንድ ድርሻ ይቀበላሉ። ሲፈልጉ ድርሻውን መልሰው አክሲዮኖቹን ይወስዳሉ።

ይህ አሠራር የፈንዱን ዋጋ ከይዞታው ዋጋ ጋር ያቀራርባል። ፈንዱ ከያዛቸው አክሲዮኖች ይልቅ ከተወደደ፣ አገበያዩ አክሲዮኖቹን ገዝቶ ፈንዱን ይሸጣል፤ ከረከሰም ተቃራኒውን ያደርጋል። ትስስሩ የሚተላለፈውም በዚሁ በር ነው። አንድ የጡረታ ፈንድ ስለ ዘርፉ ባለው አጠቃላይ አመለካከት ተነሥቶ የቴክኖሎጂ ኢቲኤፍ ሲሸጥ፣ ትእዛዙ በመጨረሻ በፈንዱ ውስጥ ባሉት ኩባንያዎች ሁሉ ላይ በየድርሻቸው ይወርዳል። ሻጩ ስለ አንዱ ወይም ስለ ሌላው ኩባንያ ምንም ሐሳብ ላይኖረው ይችላል፤ አክሲዮኖቹ ግን አብረው ይንቀሳቀሳሉ።

እዚህ ላይ «የቴክኖሎጂ ፈንድ» የሚለው ስያሜ ራሱ ጥንቃቄ ይሻል። የዘርፍ አመዳደቡ በ2018 ከተለወጠ ወዲህ አልፋቤትና ሜታ በኮሙኒኬሽን አገልግሎት ዘርፍ ስለሚመደቡ በኤክስኤልኬ ውስጥ የሉም፤ አማዞንም የሚመደበው በሌላ ዘርፍ ነው። ኪውኪውኪው በአንጻሩ ሦስቱንም ይይዛል፤ ነገር ግን በደንቡ የዘርፍ ፈንድ አይደለም፤ የፋይናንስ ኩባንያዎችን የማያካትት ሆኖ እንደ ኮስትኮና ፔፕሲኮ ያሉ ኩባንያዎችንም ይይዛል። ኤንቪዲያ ግን በሁለቱም፣ በሰሚኮንዳክተር ፈንዶችና በጠቅላላው የኤስ ኤንድ ፒ 500 ፈንድ ውስጥ በአንድ ጊዜ ይገኛል። ስለዚህ በየትኛውም በር የገባ ትእዛዝ እርሱን ሳይነካ አያልፍም።

ባለቤቱ ማን ነው? ቅጽ 13ኤፍ የሚያሳየውና የሚሰውረው

በአሜሪካ የተቋማዊ ይዞታ ዋና የመረጃ ምንጭ ቅጽ 13ኤፍ ነው። በ1975 በወጣው የሕግ ማሻሻያ መሠረት፣ በቅጹ የሚካተቱ 100 ሚሊዮን ዶላርና ከዚያ በላይ ዋጋ ያላቸውን ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች የሚያስተዳድር ተቋም ይዞታውን በየሩብ ዓመቱ ማሳወቅ አለበት፤ ማስገቢያው ጊዜ ሩብ ዓመቱ ካለቀ በኋላ 45 ቀናት ነው። ከዚህ መረጃ የሚሰላው የተቋማዊ ይዞታ መጠን በብዙ ጥናቶች ውስጥ እንደ ዋና ተለዋዋጭ ያገለግላል። ሆኖም በኢቲኤፍ ላይ ሲውል ቢያንስ አራት ችግሮች አሉበት።

አንደኛ፣ ቅጹ የሚያሳየው የተገዛውን እንጂ ተበድረው የሸጡትን አይደለም። ኤክስኤልኬን ገዝቶ በውስጡ ያሉትን አክሲዮኖች ተበድሮ የሸጠ አገበያይ፣ በቅጹ ላይ ስለ ቴክኖሎጂ ተስፋ ያለው ባለሀብት ይመስላል። በእውነቱ ግን ስለ ዘርፉ አቅጣጫ አቋም የለውም፤ የሚፈልገው ጥቂት ሳንቲም የሚሆነውን የዋጋ ልዩነት ብቻ ነው።

ሁለተኛ፣ ቆጠራው ይደራረባል። የኢቲኤፉ አስተዳዳሪ የኤንቪዲያን አክሲዮን እንደ ይዞታው ያሳውቃል፤ የኢቲኤፉን ድርሻ የገዛው የጡረታ ፈንድ ደግሞ ድርሻውን ያሳውቃል። አንዱ ሀብት በሁለት ደረጃ ተመዘገበ ማለት ነው። ድርሻው ለሽያጭ ሲበደርም አበዳሪውም አዲሱ ገዢም ሊመዘግቡት ስለሚችሉ፣ የአንድ ኢቲኤፍ ተቋማዊ ይዞታ ከ100 በመቶ በላይ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ይህን ቁጥር ያየ ተመራማሪ እንደ መረጃ ስሕተት ቆጥሮ መጣል የለበትም፤ ብዙ ብድርና ሽያጭ መኖሩን የሚጠቁም ምልክት ሊሆን ይችላልና።

ሦስተኛ፣ የኦፕሽን ውሎች የሚመዘገቡት በከፈሉት ገንዘብ ልክ ሳይሆን ውሉ በሚመለከተው አክሲዮን ብዛትና ዋጋ ነው። ስለዚህ ትንሽ ወጪ የተደረገበት መከላከያ ትልቅ ይዞታ መስሎ ይታያል። ኦፕሽን ጽፈው የሸጡ ወገኖች ግን ይህን ግዴታቸውን በቅጹ ላይ አያሰፍሩም። የተዛምዶ ግብይት ደግሞ በአብዛኛው የሚከናወነው በሽያጩ በኩል ነው።

አራተኛው የጊዜ ችግር ነው። መረጃው የአንድ ቀን ፎቶግራፍ ሆኖ ሳለ ለሕዝብ የሚደርሰው እስከ 45 ቀናት ዘግይቶ ነው። የዚህ መዘግየት ትርጉም ከዚህ በታች በነሐሴው 2024 ክስተት ላይ በግልጽ ይታያል።

ተዛምዶ እንዴት ይሸጣል፣ እንዴትስ ይገዛል?

የአንድ ፈንድ የዋጋ መዋዠቅ በሁለት ነገሮች ይወሰናል፤ አባል ኩባንያዎቹ በየግላቸው በሚያሳዩት መዋዠቅና በመካከላቸው ባለው ተዛምዶ። ለምሳሌ እኩል ድርሻ ያላቸው 10 ኩባንያዎች ያሉበትን ምናባዊ ፈንድ መውሰድ ይቻላል። የእያንዳንዱ ኩባንያ ዓመታዊ መዋዠቅ 40 በመቶ፣ በየጥንዱ መካከል ያለው ተዛምዶ 0.3 ቢሆን የፈንዱ መዋዠቅ 24.3 በመቶ ይሆናል። ተዛምዶው ወደ 0.8 ቢያድግ የፈንዱ መዋዠቅ 36.2 በመቶ ይደርሳል። አንድም ኩባንያ ከቀድሞው የበለጠ አልተዋዠቀም፤ የፈንዱ አደጋ ግን በግማሽ ያህል ጨመረ። ለዚህ ምክንያቱ ኩባንያዎቹ አብረው መንቀሳቀሳቸው ብቻ ነው።

ይህ ስሌት ወደ ኋላም ይሠራል። በዚያው ምሳሌ የፈንዱ ኦፕሽን ዋጋ 30 በመቶ መዋዠቅን፣ የኩባንያዎቹ ኦፕሽኖች ደግሞ 40 በመቶን የሚያመለክቱ ከሆነ፣ ገበያው የሚጠብቀው አማካይ ተዛምዶ 0.51 አካባቢ ነው። ይህ ከኦፕሽን ዋጋ የሚሰላ ተዛምዶ ይባላል። የቺካጎው የኦፕሽን ገበያ ሲቦ ከ2009 ጀምሮ ለኤስ ኤንድ ፒ 500 እንዲህ ያሉ መለኪያዎችን ያወጣል።

በመለኪያው ላይ የተመሠረተው ዋነኛ ስልት የመበታተን ግብይት የሚባለው ነው። ነጋዴው የኢንዴክሱን ወይም የፈንዱን ኦፕሽን ይሸጣል፤ በገንዘቡም የአባል ኩባንያዎቹን ኦፕሽኖች ይገዛል። ኩባንያዎቹ በየፊናቸው ቢሄዱ ያተርፋል፤ አንድ ላይ ቢወርዱ ይከስራል። በአጭሩ፣ ተዛምዶን ሸጧል ማለት ነው። የዚህ ስልት ትርፍ ምንጭ ከባለቤትነት ጋር ይገናኛል። ብዙ ሀብት የያዙ ተቋማት ከአጠቃላይ ውድቀት ለመጠበቅ የኢንዴክስና የፈንድ ኦፕሽን ይገዛሉ፤ ይህ ፍላጎት የኦፕሽኑን ዋጋ ከፍ ያደርጋል። ድሪሰን፣ ማንሃውትና ቪልኮቭ በ2009 ባሳተሙት ጥናት ከኦፕሽን ዋጋ የሚሰላው ተዛምዶ በአማካይ በኋላ ከሚታየው እንደሚበልጥ አሳይተዋል፤ የግብይት ወጪ ሲታሰብ ግን ከልዩነቱ ማትረፍ ቀላል እንዳልሆነም አመልክተዋል። ልዩነቱ እንግዲህ ነጻ ትርፍ ሳይሆን የመድን ክፍያ ነው፤ መድን ሰጪው የሚከፍልበት ቀን እስኪመጣ ድረስ ይሰበሰባል።

እዚህ ላይ የድርሻ ስሌት ጉዳይ ተመልሶ ይመጣል። ከጁን 2024 ማስተካከያ በኋላ ለኤክስኤልኬ ተዛምዶ ያሰላ ተመራማሪ፣ የፈንዱን ትክክለኛ ድርሻ ትቶ የኩባንያዎቹን ጠቅላላ የገበያ ዋጋ ቢጠቀም ለአፕል ከሚገባው ከአራት እጥፍ በላይ ክብደት ይሰጠው ነበር። ያገኘው ቁጥርም የገበያውን ግምት ሳይሆን የራሱን ስሕተት የሚለካ ይሆናል።

ጥናቶቹ ምን ይላሉ?

የጋራ ባለቤትነት ተዛምዶን ያሳድጋል የሚለው ሐሳብ ረጅም የጥናት ታሪክ አለው። ባርቤሪስ፣ ሽላይፈርና ወርግለር በ2005 ወደ ኤስ ኤንድ ፒ 500 የገቡ አክሲዮኖች ከገቡ በኋላ ከኢንዴክሱ ጋር ይበልጥ አብረው እንደሚንቀሳቀሱ አሳዩ። አንቶንና ፖልክ በ2014 በተመሳሳይ የጋራ ፈንዶች የተያዙ ሁለት አክሲዮኖች የወደፊት ተዛምዷቸው ከፍ እንደሚል አገኙ። ወደ ኢቲኤፍ ሲመጣ ዳ እና ሻይቭ የኢቲኤፍ እንቅስቃሴ ከአባል አክሲዮኖች የጋራ እንቅስቃሴ ጋር መያያዙን፣ ቤን-ዴቪድ፣ ፍራንዞኒና ሙሳዊ ደግሞ በኢቲኤፍ በብዛት የተያዙ አክሲዮኖች የበለጠ እንደሚዋዠቁ በ2018 አሳትመዋል። እስራኤሊ፣ ሊ እና ስሪዳራን በ2017 ባወጡት ሥራ፣ የኢቲኤፍ ይዞታ ሲጨምር የአክሲዮን ዋጋ ስለ ኩባንያው የወደፊት ትርፍ የሚሸከመው መረጃ እንደሚቀንስ አመልክተዋል።

ተቃራኒው ማስረጃም ቸል የሚባል አይደለም። ግሎስተን፣ ናላሬዲና ዙ በ2021 የኢቲኤፍ እንቅስቃሴ ብዙ ኩባንያዎችን በጋራ የሚነካ የትርፍ መረጃ ፈጥኖ ወደ ዋጋ እንዲገባ እንደሚረዳ አሳይተዋል። በዚህ አተያይ የተዛምዶ ማደግ የገበያ ሕመም ሳይሆን የተሻለ የመረጃ ፍሰት ውጤት ሊሆን ይችላል። ቼን፣ ሲንጋልና ዋይትሎ ደግሞ በ2016 የኢንዴክስ መግባትን ጥናቶች መልሰው ፈትሸዋል፤ ወደ ኢንዴክሱ የሚገቡ አክሲዮኖች አስቀድመው ዋጋቸው የወጣ በመሆኑ፣ ከሌሎች መሰል አክሲዮኖች ጋር ሲነጻጸሩ የታሰበው ተጨማሪ ትስስር በአብዛኛው እንደማይታይ ደምድመዋል።

ክርክሩ ያልተቋጨው ተመራማሪዎቹ በስሌት ስለተለያዩ ብቻ አይደለም። በቴክኖሎጂ ዘርፍ የጋራ ሥራና የጋራ ባለቤት የሚገኙት በአንድ ቦታ ነው። የኤንቪዲያን ቺፕ የሚገዙት ማይክሮሶፍትና መሰሎቹ ናቸው፤ አንዱ የግንባታ ወጪውን ከፍ ሲያደርግ የሌላው ገቢ ያድጋል። ተቋማትም ሁለቱን አብረው የሚይዙት በከፊል በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ ተዛምዶን በይዞታ መጠን ላይ ብቻ ያሰለፈ የሪግሬሽን ውጤት፣ ውጤቱን ከመንስኤው መለየት አይችልም።

ነሐሴ 2024፦ ፎቶግራፉና ማዕበሉ

የሁለቱ ትስስሮች ልዩነት ጎልቶ የሚወጣው በችግር ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2024 ከኦፕሽን ዋጋ የሚሰላው ተዛምዶ እጅግ ዝቅተኛ ደረጃ ላይ ነበር። ጥቂት ታላላቅ ኩባንያዎች በየፊናቸው ይሄዱ ስለነበር ተዛምዶን የሸጡ ወገኖች ተመችቷቸው ነበር። ጁላይ 31 ቀን የጃፓን ማዕከላዊ ባንክ ወለድ ጨመረ፤ ኦገስት 2 ቀን የወጣው የአሜሪካ የሥራ ስምሪት መረጃ ከተጠበቀው በታች ሆነ። ኦገስት 5 ቀን ሰኞ የጃፓኑ ኒኬይ 225 በ12.4 በመቶ ወደቀ፤ የአሜሪካው የገበያ ስጋት መለኪያ ቪክስም በዚያው ማለዳ ከ65 በላይ ደረሰ። በርካሽ የን ተበድረው ሌላ ቦታ የገዙ ወገኖች ብድራቸውን ለመክፈል ያላቸውን ሸጡ፤ ኤንቪዲያ፣ አፕልና ማይክሮሶፍትም አብረው ወረዱ።

ከሦስቱ መካከል አፕል የራሱ ዜና ነበረው። ከሁለት ቀን በፊት የወጣው የበርክሻየር ሐታዌይ የሩብ ዓመት ሪፖርት ኩባንያው የአፕል ይዞታውን ግማሽ ያህል መሸጡን አሳይቷል።  ሆኖም ሦስቱንም ካስተሳሰሯቸው ምክንያቶች አንዱ በአንድ ጊዜ ገንዘብ የሚያስፈልጋቸው ባለቤቶች መኖራቸው ነበር።

ጊዜውን ማስተዋል ይገባል። የጁን 30 የይዞታ መረጃ፣ የኤክስኤልኬን ማስተካከያ ጭምር የያዘው ፎቶግራፍ፣ ማስገቢያው ጊዜ የሚያበቃው ኦገስት 14 ቀን ነበር። ማዕበሉ የመጣው ከዚያ ዘጠኝ ቀን አስቀድሞ ነው። አብዛኛው መረጃ ለሕዝብ ሲደርስ፣ የሚያሳየው ከማዕበሉ በፊት የነበረውን ይዞታ ነበር። የሴፕቴምበር 30 ፎቶግራፍም ሲወጣ ገበያው አገግሞ ስለነበር፣ በመካከል የሸጠና መልሶ የገዛ ተቋም ምንም እንዳላደረገ ሆኖ ሊታይ ይችላል። በሁለቱ ፎቶግራፎች መካከል የተፈጸመው ነገር፣ ማለትም ተመራማሪው የሚፈልገው ራሱ ክስተቱ፣ በቅጹ ላይ የለም።

ከዚያ በፊትም ተመሳሳይ ምልክት ታይቷል። ኦገስት 24 ቀን 2015 ገበያው ሲከፈት ብዙ ኢቲኤፎች ከያዙት አክሲዮን ዋጋ እጅግ ዝቅ ብለው ተሸጡ፤ በዕለቱ ከ1,200 በላይ የግብይት ማቋረጫዎች ተመዘገቡ። በዚያ ማለዳ የዋጋ ልዩነቱን ማጥበብ የነበረባቸው አገበያዮች የአክሲዮኖቹን ትክክለኛ ዋጋ ማወቅ ስላልቻሉ ወደ ኋላ አሉ። በተረጋጋ ጊዜ ፈንዱንና አክሲዮኖቹን የሚያስተሳስረው ገመድ፣ በጣም በሚፈለግበት ሰዓት ላላ።

ለምርምር የሚተርፈው ትምህርት

ከእነዚህ ክስተቶች ለተመራማሪ የሚጠቅሙ ሦስት ነጥቦች ይገኛሉ። የመጀመሪያው፣ የባለቤትነትን ውጤት ከሥራ ውጤት ለመለየት በደንብ ብቻ የተቀሰቀሱ የድርሻ ለውጦችን መጠቀም ነው። የጁን 2024ቱ የኤክስኤልኬ ማስተካከያ አንዱ ነው። በጁላይ 24 ቀን 2023 ተግባራዊ የሆነው የናስዳክ-100 ልዩ ማስተካከያም ሌላው ነው፤ እርሱም የተነሣው እያንዳንዳቸው ከ4.5 በመቶ በላይ የያዙ ኩባንያዎች ድምር ከ48 በመቶ ስለበለጠ ነበር። ሆኖም እንዲህ ያሉ ለውጦች ቀድመው የሚታወቁ ወይም የሚገመቱ በመሆናቸው፣ የመመልከቻው ጊዜ ከተግባራዊነቱ ቀን ሳይሆን ከማስታወቂያውና ከመለኪያው ቀን መጀመር ይኖርበታል።

ሁለተኛው፣ የይዞታ መጠንን ብቻ ሳይሆን የባለቤቱን ዓይነት መለየት ነው። አሥር በመቶ ድርሻ በጡረታ ፈንድ እጅ ሲሆንና በተበደረ ገንዘብ በሚሠራ ሄጅ ፈንድ እጅ ሲሆን እኩል አይደለም። የመጀመሪያው በማዕበል ጊዜ ዝም ብሎ ሊቀመጥ ይችላል፤ ሁለተኛው አበዳሪው ሲጠራው የመሸጥ ግዴታ አለበት። ግሪንዉድና ቴስማር በ2011 የአክሲዮን ዋጋ ተሰባሪነትን የለኩት በዚሁ መንፈስ ነው፤ ወሳኙ የባለቤቶች ብዛት ብቻ ሳይሆን የገንዘብ ፍላጎታቸው በአንድ ጊዜ የመምጣቱ ዕድልም ጭምር ነው።

ሦስተኛው፣ ተዛምዶን እንደ አንድ ቋሚ ቁጥር አለመውሰድ ነው። ከጋራ ሥራ የሚመነጨው ትስስር በሰላሙም በችግሩም ቀን ይሠራል። ከጋራ ባለቤት የሚመነጨው ግን በሰላም ጊዜ ተኝቶ ይቆያል፤ ባለቤቶቹ ሁሉ ወደ አንድ በር ሲሮጡ ይነቃል። ስለዚህ በተረጋጋ ዓመት የተለካ ዝቅተኛ ተዛምዶ ትስስሩ አለመኖሩን አያረጋግጥም፤ ገና አለመፈተኑን ብቻ ሊያሳይ ይችላል። የጡረተኛ ቁጠባ በቴክኖሎጂ ፈንድ ሲቀመጥ «አሥር ኩባንያዎች ስለሆኑ አደጋው ተበታትኗል» የሚለው ማጽናኛም የሚመዘነው በዚህ ሚዛን ነው፤ ኩባንያዎቹ አሥር ቢሆኑም ባለቤታቸው አንድ ከሆነ፣ በክፉ ቀን እንደ አንድ ኩባንያ ሊወድቁ ይችላሉና።